የኪራይ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የመዝገቡን ነጥቦች አንድ በአንድ ክፈቺ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ወደ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ልትዛወሩ ነው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉሽ። ጓደኛሽ «የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ላይ አድራሻውን አስገቢና እዪ» አለችሽ። አስገብተሽ ስታዪ ካርታው ላይ በአፓርትመንቱ ዙሪያ የተመዘገቡ ሰዎችን አድራሻ የሚያሳይ 14 ነጥብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለሽም። ልፈርም ወይስ ልተወው ነው ያልሽው።

እኔ ብሆን ነጥቦቹን ሳልከፍት አልተወውም፣ ሳልከፍትም አልፈርምም። ለምን እንደዚህ እንደምል ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤቴ ልጆች መያዝ ከጀመርኩ ወደ 9 ዓመት ሆኖኛል። ለደይኬር ፈቃድ ሲወጣ ቤቱ ውስጥ የሚኖር 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የጣት አሻራ ይሰጣል። ባለቤቴ ሰጠ፤ ያኔ እኛ ጋር ይኖር የነበረው ወንድሙም ሰጠ። የእኛም ስም በዚሁ መዝገብ ተፈልጓል። ስለዚህ ይሄን ነገር እንደ እናትም፣ እንደ ተመርማሪም አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ቤት ስፈልግ እኔም እንዳንቺ ካርታውን ከፍቼ ደንግጫለሁ። ከምንከራየው ሕንጻ አጠገብ አንድ ነጥብ ነበር። ሌላ ሳላይ ዘጋሁትና ለባለቤቴ «እዚህ አንገባም» አልኩት። በወሩ አሠራሩን የምታውቅ አንዲት ሴት አብራኝ ተቀምጣ ከፈተችው። ነጥቡ የሰውየው መኖሪያ አልነበረም። የሚሠራበት መጋዘን ነበር። የቨርጂኒያ መዝገብ የቤትም የሥራም አድራሻ ያወጣል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሊታይ ይችላል። ደግሞ ገና እስር ቤት ያለ ሰውም ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይኖራል። አንቺ 14 ያልሽው ስትከፍቺው 14 ጎረቤት ላይሆን ይችላል። ከፍተሽ ሳታነቢ አትቁጠሪ።

አሁን መዝገቡ ራሱ ምን እንደሆነ። አንድ ሰው በፍርድ ቤት በወሲብ ወንጀል ጥፋተኛ ሲባል፣ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣም አድራሻውን፣ ሥራውን፣ ፎቶውን በየጊዜው ለመንግሥት እንዲያስመዘግብ ይገደዳል። ካሊፎርኒያ ይህን የጀመረችው በ1947 ነው። ያኔ ግን ዝርዝሩ የፖሊስ ብቻ ነበር። በ1989 ሚኒሶታ ውስጥ ጃኮብ ዌተርሊንግ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ከመንገድ ተወሰደ። በ1994 የወጣው የፌደራል ሕግ በእሱ ስም ተሰየመ፤ ስቴቶች ሁሉ መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜጋን ካንካ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ በጎረቤቷ ተገደለች። ሰውየው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ልጆች ላይ በፈጸመው ጥቃት ተፈርዶበት ነበር። ወላጆቿ አያውቁም ነበር። «ብናውቅ ኖሮ» ብለው ጮኹ። በ1996 የሜጋን ሕግ ወጣና መረጃው ለሕዝብ ተከፈተ። አንቺ ዛሬ በስልክሽ የምታዪው ካርታ ከእነዚያ እናትና አባት ጩኸት የመጣ ነው። ለዚህ ነው እኔ መዝገቡን የማላቃልለው።

ግን አንድ መዝገብ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ አለው። ጓደኛሽ የላከችልሽ አገር አቀፉ ገጽ፣ ኤን ኤስ ኦ ፒ ደብሊው ዶት ጎቭ የሚባለው፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። በ2003 ከኖርዝ ዳኮታ ተጠልፋ በተገደለችው የ22 ዓመት ተማሪ በድሩ ሾዲን ስም ነው የተሰየመው። የራሱ ዝርዝር የለውም። ጥያቄሽን ወደ ስቴቶቹ፣ ወደ ዲሲ፣ ወደ ግዛቶቹ ይልክና ያገኘውን ሰብስቦ ያሳይሻል። በስም ወይም በአድራሻ ዙሪያ እስከ 3 ማይል መፈለግ ትችያለሽ። ስሙን ስትጫኚ ወደ ስቴቱ ገጽ ይወስድሻል። እውነተኛው ዝርዝር ያለው እዚያ ነው። አንዳንዴ አገር አቀፉ ላይ ያልወጣ ነገር ስቴቱ ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለቱንም እዪ። ነጻ ነው። ክሬዲት ካርድ የሚጠይቅሽ ገጽ ከመጣ የመንግሥት አይደለም፣ ዝጊው።

ስቴቶቹ የሚያሳዩሽ ነገርም አንድ ዓይነት አይደለም። የኛ አካባቢ ራሱ ሦስት ቦታ ነው። ቨርጂኒያን የሚይዘው የስቴቱ ፖሊስ ነው። ሜሪላንድን የሚይዘው የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤቱ ነው። ዲሲ ውስጥ የከተማው ፖሊስ ገጽ ላይ የሚወጡት ክፍል ኤ እና ቢ የሚባሉት ብቻ ናቸው፤ ክፍል ሲ ኢንተርኔት ላይ የለም። ሚኒሶታ ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚያገኙት ደረጃ 3ን፣ ማለት ከፍተኛ ስጋት የተባሉትን፣ ብቻ ነው። ኒው ዮርክም ዝቅተኛውን፣ ደረጃ 1ን፣ ገጹ ላይ አያወጣም። ስለዚህ ሚኒሶታ ያለችው እህትሽ «እኔ ሰፈር 1 ብቻ ነው፣ አንቺ ጋር 14!» ብትልሽ የእሷ ሰፈር ከአንቺ ይሻላል ማለት አይደለም። መስኮቱ ነው የሚለያየው።

ደረጃ የሚለውንም በጥንቃቄ አንብቢው። በ2006 የወጣው የፌደራል ሕግ ሦስት ደረጃ አለው። ደረጃ 1 ለ15 ዓመት በዓመት አንዴ፣ ደረጃ 2 ለ25 ዓመት በየ6 ወሩ፣ ደረጃ 3 ዕድሜ ልክ በየ3 ወሩ ቀርበው ያሳድሳሉ። በዚህ ሕግ ደረጃውን የሚወስነው የተፈረደበት ወንጀል ዓይነት ነው። ሚኒሶታና ኒው ዮርክ ግን ሰውየው እንደገና የማጥፋት ዕድሉን ገምተው ነው ደረጃ የሚሰጡት። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት ነው። እኔ ደረጃውን አይቼ አላቆምም። የተፈረደበትን የወንጀል ስም፣ ዓመቱን፣ የተጎጂው ዕድሜ ከተጻፈ እሱን አያለሁ። የ25 ዓመት ሰው ሳለ በአዋቂ ላይ የፈጸመና በ50 ዓመቱ ልጅ ላይ የፈጸመ ለእኔ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ ለልጆቼ ግን የምወስደው ጥንቃቄ ይለያያል።

አሁን በስም ስለመፈለግ። ይሄ የኛ ሰው ልዩ ችግር ነው። አንዳንዶቻችሁ ቤዝመንት ስታከራዩ ወይም ሩም ሜት ስታስገቡ ስም ፈልጋችሁ «ንጹሕ ነው» ትላላችሁ። ስሙን በየትኛው ፊደል ጻፋችሁት? ፀሐይን አንዱ በቲ ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። ኃይሉን አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ ይጽፈዋል። ደግሞ እዚህ አገር ሲገባ የአያቱ ስም ላስት ኔም ሆኖ ወረቀቱ ላይ የገባ ሰው ብዙ ነው። እኛ በአባቱ ስም እየጠራነው ሕጋዊ ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም አለ። ስለዚህ መታወቂያውን ጠይቁ፣ ከመታወቂያው ላይ ቅዱ፣ ሁለት ሦስት አጻጻፍ ሞክሩ፣ የኖረበትንም ስቴት ጠይቁ።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ይሄን ስጽፍ አሁንም ልቤ ያዝናል። ከጥቂት ዓመት በፊት እኔ ባለሁበት የእናቶች ቫይበር ግሩፕ ከመዝገቡ የተቀዳ ፎቶ ተላከ። ስሙ ልጆቻችንን አማርኛ ከሚያስተምር ሰው ጋር አንድ ነው። ፎቶው ጨለም ያለ ነው፤ ጺም አለው፤ «እሱ ነው» ተባለ። በአንድ ሌሊት ስንት ሰው ጋር ደረሰ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። በማግስቱ አንዷ የትውልድ ዓመቱን አነጻጸረች። 11 ዓመት ይለያያል። ቁመቱም አይገናኝም። ሌላ ሰው ነበር። ይቅርታ ተጠየቀ፤ አስተማሪው ግን ከዚያ በኋላ አልመጣም። ልጆቹ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ። ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የትውልድ ዘመን፣ ቁመት፣ ጠባሳ፣ ፎቶ አንድ ላይ ካልገጠሙ አፍሽን ያዢ። የገጠመም ቢሆን መረጃው ለጥንቃቄ ነው። ሰውየውን ለማስፈራራት ወይም ቤቱ ሄዶ ለመጮህ የተጠቀመበት ራሱ ይከሰሳል። ገጹ ሲከፈት «እስማማለሁ» ብለሽ የምትጫኚው ጽሑፍ ላይ ይሄ አለ፤ ማንም አያነበውም እንጂ።

ወደ ዋናው ልምጣ። መዝገቡ የሚያውቀው የተፈረደበትን ሰው ብቻ ነው። የተከሰሰ አይደለም፣ የተጠረጠረ አይደለም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ፖሊስ ዘንድ ከደረሱ በልጆች ላይ ከተፈጸሙ ጥቃቶች ውስጥ ልጁ ፈጽሞ በማያውቀው ሰው የተፈጸመው 7 በመቶ ነው። 34 በመቶው በቤተሰብ አባል፣ 59 በመቶው በሚያውቁት ሰው ነው። ይሄ እንግዲህ ፖሊስ ጋር የደረሰው ነው። ጃኮብን የወሰደው ሰው እንኳ አምኖ የልጁን አስከሬን ያሳየው በ2016 ነው። 27 ዓመት! ሕጉ በልጁ ስም ሲወጣ እሱ በዚያ ወንጀል የማንም ዝርዝር ላይ አልነበረም።

የኛ ሰው ጋር ደግሞ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ አይደርስም። የማውቀው አንድ ቤት አለ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ልጅቷ ለእናቷ ተናገረች። ሰውየው የቤቱ ወዳጅ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሉት ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። «ገመናችን አደባባይ አይውጣ» ተባለ። «ወረቀቱ ገና ነው፣ ታስባርሪዋለሽ» ተባለች እናቲቱ። እውነት ነው፣ ዜግነት የሌለው ሰው ልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ግን ያን ሸክም እናቲቱ ትከሻ ላይ ጫኑት። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። ዛሬ ያለበት ሰፈር ያለች እናት አድራሻዋን አስገብታ ብትፈልግ ምንም ነጥብ አይወጣላትም። ካርታዋ ንጹሕ ነው። ልጅቷ አሁን ትልቅ ልጅ ናት። ከማንም በላይ የጎዳት ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሻይ ሲጠጡ እሷ መኝታ ቤት ሆና መስማቷ እንደሆነ ነግራኛለች።

ስለዚህ ካርታውን ለማየት የሰጠሽውን ሰዓት ያህል ለልጆችሽ ስጪ። እኔ ጋር ላሉት ከ3 ዓመት ጀምሮ የሰውነት ክፍሎችን በትክክለኛ ስማቸው አስተምራለሁ። «ለእማዬ አትንገሪ» የሚል ትልቅ ሰው ካለ የዚያኑ ቀን ለእማዬ የሚነገር እሱ ነው እላቸዋለሁ። «ጋሼን ሳሚው» ብዬ አላስገድድም። አያቶች ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። ልጅ አንድ ነገር ከነገረሽ ደግሞ ደጋግመሽ አትመርምሪው፤ «ስለነገርሽኝ ጎበዝ» በይና ደውዪ። በ1-800-422-4453 ቻይልድ ሄልፕ የሚባለው የልጆች ጥቃት መስመር 24 ሰዓት ያነሳል፤ «አማርኛ» ብትዪ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። የደይኬር ሠራተኞች ጥርጣሬ ካለን የማመልከት ሕጋዊ ግዴታ አለብን። የወረቀት ፍርሃት ላለባት እናት ደግሞ የወንጀል ተጎጂ ሆነው ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ የሚሰጥ ዩ ቪዛ የሚባል እንዳለ ንገሯት፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር።

እንግዲህ ለአንቺ። ዛሬ ማታ የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስን ገጽ ክፈቺ። 14ቱን አንድ በአንድ ጻፊ፦ ቤት ነው ሥራ፣ እስር ቤት ነው ወይስ ውጭ፣ የተፈረደበት ምን ነው፣ ዓመቱ ስንት ነው። የአሁኑን የሲልቨር ስፕሪንግ አድራሻሽንም በሜሪላንዱ ገጽ አስገቢ፤ እስከ ዛሬ ስንት ነጥብ መሃል በሰላም እንደኖርሽ ስታዪ ነገሩ በልኩ ይታይሻል። እዚያው ቨርጂኒያ ገጽ ላይ በዚፕ ኮድሽ ከተመዘገብሽ አዲስ ሰው ሲገባ ኢሜይል ይልኩልሻል። ከዚያ ቅዳሜ ሄደሽ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቆምበትን እዪ፣ ልጆቹ የሚጫወቱበትን እዪ፣ አንድ ሁለት እናት አነጋግሪ።

ዝርዝሩ እንግሊዝኛው ከከበደሽ ሰኞና ረቡዕ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነጻ ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስልኩን ከፍተን አብረን እናነበዋለን።