ውሃው ከየት ይመጣል? ስለ ረግረግ ጥናት ለጠየቃችሁኝ

ሥራዬ ረግረግ ውስጥ መዋል ነው። እኔ ውሃውን እለካለሁ። ባልደረባዬ ደግሞ እዚያ የሚበቅለውንና የሚኖረውን ይቆጥራል። ስለዚህ ሙያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የውሃ ባለሙያ ሲባል ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ነው የሚመስለኝ። ረግረግ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ ነኝ በለው። ገቢና ወጪ ነው የምመዘግበው። ገቢው ዝናብ፣ ከዳገት የሚወርድ ውሃ፣ የሚገባ ወንዝና ከሥር የሚመነጭ ውሃ ነው። ወጪው ትነት፣ ተክሉ በቅጠሉ የሚያስወጣው፣ የሚወጣ ወንዝና ወደ ታች የሚሰርገው ነው። ዝናቡን መለካት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከመሬት በታች ያለው ነው። ለእሱ ታችኛው ጫፉ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ እንተክላለን፤ ፒዞሜትር ይባላል። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ቱቦ ጎን ለጎን ይተከላሉ። በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ውሃው ከአጭሩ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ውሃ ከሥር እየመጣ ነው። ዝቅ ካለ እየሰረገ ነው።

መጀመሪያ የተከልኳቸው ቱቦዎች ግማሹን ከብት ሰበራቸው፤ የቀሩትን እረኞች ነቅለው ዋሽንት ሠሩባቸው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አድርጌ ቀጠርኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሽማግሌው አንድ ጥግ አሳዩኝና “እዚህ እኮ በበጋም እግር ይውጣል” አሉኝ። ቱቦዎቹ ያንኑ ለመናገር አንድ ዓመት ፈጀባቸው።

ጥያቄ፦ በበጋ የደረቀ ሜዳ ረግረግ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

መልስ፦ አፈሩን ቆፍረን ቀለሙን እናያለን። አፈር ለረጅም ጊዜ ውሃ ሲተኛበት ኦክስጅን ያልቅበታል። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ቀይ ቀለሙን ያጣና አፈሩ አመድማ ይሆናል። ሥር አካባቢ ግን ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ ተክሉ በሥሩ በኩል አየር ስለሚያወርድ ነው። የፊላ ቅጠል ቆርጣችሁ ብታዩት ውስጡ በአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። ደንገል ታንኳ ሆኖ ጣና ላይ የሚንሳፈፈውም ውስጡ አየር ስለያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በክረምት ውሃ ይመጥጣል፣ በበጋ ይለቃል ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ደረቅ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል። የራሰውስ? ነሐሴ ላይ ጠግቦ የተኛ ጨፌ ላይ ዶፍ ቢወርድበት፣ ውሃው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው የሚንሸራተተው። በወንዝ ራስ ላይ ያሉ ብዙ ረግረጎች ጎርፉን ያባብሱታል እንጂ አያበርዱትም። የወንዝ ዳር ሜዳ ግን ሌላ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራ ሜዳ ውሰዱ። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈሱ ውሃው ሜዳው ላይ ይዘረጋል፤ ይረጋጋል፤ ደለሉን ይጥላል። (ቤቱ ውሃ ለገባበት ገበሬ ይሄን ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።)

ቡሎክና አክርማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከመላው ዓለም 169 ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ መረመሩ። የወንዝ ዳር ረግረግ ጎርፍን በአብዛኛው ይቀንሳል። የበጋ ውሃን በተመለከተ ግን አብዛኞቹ ጥናቶች የተገላቢጦሹን ነበር ያገኙት። ረግረጉ በትነት ብዙ ውሃ ስለሚያጠፋ ለታችኛው ወንዝ የሚደርሰው ይቀንሳል።

ትልቁ ምሳሌ ደቡብ ሱዳን ያለው ሱድ ነው። ነጭ ዓባይ እዚያ ገብቶ የውሃውን ግማሽ ያህል በትነት ያጣል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1978 ረግረጉን የሚያልፍ የጆንግሌይ ቦይ መቆፈር የተጀመረው። ከታቀደው 360 ኪሎ ሜትር ወደ 240 የሚሆነው ከተቆፈረ በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። ግዙፉ መቆፈሪያ ማሽን እዚያው ዛገ። ታዲያ ያ ሁሉ ትነት ኪሳራ ነው? ኪሳራ የሚለው ከታች ቁጭ ብሎ ውሃ የሚጠብቅ ሰው ነው። ለዲንካና ለኑዌር ከብት አርቢ ግን ጎርፉ መጥቶ ሲመለስ የሚበቅለው ሣር የበጋ ግጦሹ ነው፤ ዓሣውም ከዚያው ነው።

ስፖንጅ የምትለዋን ቃል የማልወዳት ለዚህ ነው። ረግረጉን ባልሆነው ነገር ካሞገስነው፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ለክቶ “ውሸት ነው” ይላል። ያን ጊዜ የሚከራከርለት ያጣል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እምቦጭን በየዓመቱ እንነቅላለን፣ በየዓመቱ ይመለሳል። እናንተ ባለሙያዎች ምን ትሠራላችሁ?

መልስ፦ ምሬትህ ይገባኛል ወንድሜ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ነቅሎ መገላገል የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄው ምን እየበላ ነው የሚለው ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሆነበት እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከየማሳው የጠረጉትን አፈርና ማዳበሪያ ያራግፉበታል። አረሙ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የበረታው በአጋጣሚ አይደለም። ድሮ በዳርቻው የነበረው ደንገል ደለሉን ያጣራ ነበር። ደንገሉ ተቆረጠ፣ ታረሰ፣ ተጋጠ። የሐይቁ ከፍታ ከ1996 ጀምሮ፣ በፈረንጅ ነው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በተሠራው ግድብ ቁጥጥር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው ክፉኛ ሲወርድ ጀልባዎች ቆመው ነበር፤ ባዶ በቀረው ዳርቻ ላይም እርሻ ገባ። የእኛ ሥራ እነዚህን አንድ ላይ አያይዞ ማሳየት ነው። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ነው አንዳንዴ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ። ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ከጣና ግርጌ በረጅም ቱቦ ጭቃ አውጥተው አጠኑ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ከ17 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ሐይቁ ደርቆ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ በመጀመሪያ የሆነው የደንገል ረግረግ ነው።

ጥያቄ፦ ረግረግ የወባ መፈልፈያ አይደል? ቢደርቅ ምን አለበት?

መልስ፦ በእኛ አገር ዋነኛዋ የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚመታው፣ ትንሽና ያልተሸፈነ ውሃ ነው የምትወደው። የከብት ኮቴ፣ የጡብ አፈር የወጣበት ጉድጓድ፣ የመስኖ ቦይ ዳር። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ጥላ ስለሆነ አይመቻትም። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ደጋ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ረግረጉ ታርሶ በነበረባቸው መንደሮች ወባው ካልታረሰባቸው ይልቅ የመብዛት አዝማሚያ እንደነበረው አግኝቷል። ረግረግ ሁሉ ከትንኝ ነፃ ነው እያልኩ አይደለም። ማድረቅ መድኃኒት ነው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሐሮማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ?

መልስ፦ ወጪው ከገቢው በለጠ። ለሐረር ከተማ መጠጥ ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ይሳብ ነበር። ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ደለልም ሆዱን ሞላው። ባለፉት ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ሒሳቡ ካልተስተካከለ ግን እንደገና መሄዱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ባልደረባሽ የሚቆጥረው ምንድን ነው? ወፍ መቁጠር ሥራ ነው?

መልስ፦ ሥራ ነው፣ ያውም ከባድ። ሆለታ አቅራቢያ በርጋ የሚባል ጨፌ አለ። በክረምት ውሃ የያዘው ሣር ውስጥ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት ትንሽ ወፍ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በካሜራ እስክትረጋገጥ ድረስ መራቢያዋ ይታወቅ የነበረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ከብት ቀድሞ ከገባ ጎጆዋ ይረገጣል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ካነሰም አትፈለፍልም። እዚህ ላይ ነው የእኔ ቱቦና የእሱ መነጽር የሚገናኙት።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ይህን ትምህርት ወዴት ሄዶ ይማር?

መልስ፦ እናቴ፣ በውሃ ምህንድስና በኩል ከሆነ አርባ ምንጭ የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ከጣና ጋር፣ ጅማ ከአካባቢው ረግረጎች ጋር ብዙ ሠርተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሐይቅና ዓሣ ላይ የቆየ ነው። ሒሳብ አይፍራ። ጭቃ ከጠላ ግን ባይሞክረው ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኛ ኢሉባቦር ረግረግ ላይ በቆሎ እንዘራለን። ሌላ መሬት የለንም። ጥፋተኞች ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም። ስለ ረግረግ እርሻ ብዙ የተማርነው ከእናንተ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ፣ እዚያ የተደረገው ጥናት ገበሬው ምን ያህል እንደሚያውቅ አሳይቷል። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩን ደፍኖ ውሃውን የሚመልስ፣ ከብት እንዳይገባ የሚጠብቅ፣ የምንጩን ዙሪያ ሳያርስ የሚተው ረግረጉ ይቆይለታል። ከዳር እስከ ዳር አድርቆ በዓመት ሁለቴ የሚያርስ ግን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ምርቱ ይወድቅበታል፤ ለጣሪያ የሚሆነው ሣርም ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አልቅት አይነክስሽም?

መልስ፦ ይነክሰኛል እንጂ። ጨው አትነስንሱበት። ጥፍራችሁን ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ በቀጭኑ ጫፉ በኩል ግፉት፣ ይለቃል። ደሙ ለጥቂት ሰዓት አልቆም ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ሲነክስ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ይተዋል። እኔ ነጭ ካልሲ አድርጌ አልወጣም።