የ66 ኤምጂቢ ሞተርን ወደ ፋብሪካ መልኩ መመለስ፣ ከኔ ልምድ

ወንድሜ ጥያቄህን ዛሬ ነው ያየሁት። የፈረንጅ 1966 ኤምጂቢ፣ ያቺን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ገዛሁ፣ ሞተሩን የሆነ ሰው ሰማያዊ ቀብቶታል፣ የሞተሩን የላይ ክዳን ደሞ ክሮም አርጎበታል፣ ልክ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ላረገው ከየት ልጀምር ነው ያልከው አይደል? እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር ጋራዥ ውስጥ ከነዚህ መኪኖች ጋር ነው ያረጀሁት፣ የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

ከሁሉም በፊት እጅህን ሰብስብ። የግፊት ውሃ ይዘህ ሞተሩ ላይ እንዳትዘምት። ያ የስልሳ ዓመት ዘይትና አቧራ ተጋግሮ የያዘው ነገር ላንተ ቆሻሻ ነው፣ ከስሩ ግን የፋብሪካውን ቀለም ደብቆ አቆይቶልህ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊውን የቀባው ሰውዬ እንደ ብዙዎቹ ሞተሩን ሳያወርድ ከሆነ የቀባው እጁ ያልደረሰበት ቦታ አይጠፋም፣ ዲናሞው የሚታሰርበት ብረት ጀርባ፣ ጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚያወጣው ቱቦ) የሚሸፍነው የብሎኩ፣ የሞተሩ ዋና ገላ፣ ጎን፣ የሞተር ጎማዎቹ የሚታሰሩበት አካባቢ፣ እነሱን ላምባ በነካ ጨርቅ ቀስ እያልክ ጠርገህ እያቸው። ጠቆር ያለ ቀይ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ በደንብ የበሰለ ቁሌት የሚመስል ነገር ከመጣልህ እሱ ነው፣ ማሩን የሚሉት። ፎቶ አንሳው፣ ትንሽዬ ፍንጣሪም አንስተህ አስቀምጥ። እኔ አንድ ጊዜ ከሦስት ሻጭ ሦስት ጣሳ ማሩን ገዝቼ አንዱ ቲማቲም ሆነ፣ አንዱ ቸኮሌት፣ አንዱ ብቻ ነው የተቀራረበው፣ ስለዚ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ሞተሩ ላይ ያገኘኸውን እመን። ጥቁር ሞተር ያላት ኤምጂቢ ፎቶ ካየህም አትደናገር፣ 18ቪ የሚባለው የሰባዎቹ ሞተር ነው ጥቁሩ።

ከዛ የሞተሩን ቁጥር እይ። ካንዴላዎቹ ባሉበት በኩል ብሎኩ ላይ በሪቬት የተመታች ትንሽ ሳህን አለች። ያንተ ዓመት 18ጂቢ ብሎ መጀመር አለበት፣ ይሄ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው፣ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) አምስት ቦታ ላይ የሚይዘው ባለ 1798 ሲሲ ሞተር ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነበር የሚይዘው። 18ቪ ካለህ አንድ ሰው በኋላ ሞተር ቀይሮልሃል ማለት ነው፣ ያኔ ማሩን ብትቀባውም የሚያውቅ ሰው አይሸወድም። ጌይደን ያለው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ደሞ በሻንሲ ቁጥርህ ከፋብሪካው መዝገብ አይቶ ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ የተሠራችበት ቀን፣ የመጀመሪያው ሞተር ቁጥር፣ የቦዲው ቀለም፣ ለየትኛው አገር እንደተላከች ሁሉ ይነግርሃል። ገንዘብ ይጠይቃል ግን በደንብ ያዋጣል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አቢንግደን፣ ኤምጂ የሚገጣጠምበት ቦታ ማለቴ ነው፣ ሞተር አይሠራም ነበር፣ ሞተሩ ከሌላ የቢኤምሲ፣ የኤምጂ ባለቤት የነበረው ኩባንያ፣ ፋብሪካ ተገጣጥሞ ነበር የሚመጣለት። ቀለሙም የተረጨው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚ ብሎኩ፣ ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ ያለው ራስ)፣ ኮፓው (ከስር ዘይቱን የሚይዘው)፣ የውሃ ፖምፓው፣ የላሜራው የላይ ክዳን፣ ብሎኖቹ ሳይቀሩ አንድ ቀለም ናቸው። ዛሬ ግን ሁሉም ብሎኩን ለብቻው ይቀባና ከላዩ የሚያብለጨልጭ አዲስ ብሎን ይደረድርበታል፣ ያምራል አልልም እንዴ፣ ያምራል፣ ግን ፋብሪካው እንዲ አልሠራውም። ካርቡራቶር፣ ዲናሞና ዲስትሪቢዩተር ላይ ማሩን አይነካም። ክሮሙን ክዳን ሽጠውና አሮጌ የላሜራ ክዳን ፈልግ፣ ርካሽ ነው።

ቀለሙም ስስ ነው። የተወለወለ የሳሎን ዕቃ እንዳታስመስለው። አንዴ አንድ ሰው ያመጣልኝ ሞተር የብሎኩን ሻካራ ገላ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ እንደ በር አለስልሶት ነበር፣ ሞተር ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም እኮ አልኩት። ብረቱ ሲቀለጥ ያወጣው ሻካራነት መታየት አለበት። ጭስ ማኒፎልዱ ደሞ ያልተቀባ ብረት ነው፣ አንዴ ሲሞቅ ይዝጋል፣ እኔ የምድጃ ግራፋይት በጨርቅ እሸዋለሁ፣ ከሩቅ ልክ ይመስላል ዝገቱንም ያዘገየዋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ክፍሎቹን ሁሉ በብርጭቆ ቅንጣት በአየር እያስመታሁ አጸዳሁ፣ እንዴት እንዳማሩ። ብሎኩ ጎን ላይ፣ ካርቡራቶሮቹ ስር ሁለት የላሜራ ክዳኖች አሉ፣ የፊተኛው ውስጡ የዘይት ትነት የሚያጠምድ የሽቦ መረብ አለው፣ እኔ ደሞ አላወቅኩም። ቅንጣቱ መረቡ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ አጠብኩት፣ በአየር ነፋሁት፣ ጸድቷል ብዬ ገጠምኩት። ከዛ ሞተሩ ሲሞቅ ትንሽ ትንሽ እያለ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። 300 ማይል ሳይሞላ የዘይት ግፊቱ ከ60 ወደ 20 ወረደ፣ ስፈታው ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች በሙሉ ተፍቀዋል። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበር አልጮኸብኝም፣ ያ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። በነጻ ደግሜ ሠራሁለት። ስለዚ ዘይት የሚነካውን ነገር በማጽጃ መድኃኒት ዘፍዝፈህ በብሩሽ እጠብ፣ በቅንጣት የሚመታ ቢኖር የዘይት መንገድ የሌለው ብራኬት ምናምን ብቻ ይሁን።

ካርቡራቶሮቹ ኤችኤስ4 የሚባሉ ሁለት የኤስዩ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው፣ ባለ አንድ ተኩል ኢንች። ከላይ ያለውን ጉልላት እንደ መስታወት ማብረቅ ዛሬ ፋሽን ነው፣ ኤምጂቢ ላይ ግን ፋብሪካው እንደዛ አላረገውም፣ የአሉሚኒየሙ የራሱ ደብዘዝ ያለ መልክ ይበቃል። ከመልኩ በላይ ግን ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካ! ፒስተኑና ጉልላቱ ለብቻ ለብቻ የተዛመዱ ናቸው፣ የአንዱን ለሌላው ካደባለቅክ ቤንዚን ሳትሰጠው ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ መቼም አይረጋልህም። ምልክት አርገህ በየከረጢቱ ክተት። ማስገቢያ ማኒፎልዱ ላይ ደሞ እንጉዳይ የመሰለ ክብ ቫልቭ መኖር አለበት፣ ስሚዝስ የሚባል ኩባንያ የሠራው፣ የሞተሩን ትነት መልሶ የሚያስበላ። ብዙዎች ውስጡ ያለው ጎማ ሲቀደድ አውጥተው ይደፍኑታል፣ ያንተም ተደፍኖ ከሆነ ፈልገህ መልሰው፣ የአሮጌ መኪና ውድድር ዳኛ ቢኖር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ብሎኖቹን አትጣል። አሮጌዎቹ ራሳቸው ላይ የሠሪው ምልክት አለ፣ ዚንክ አስነክረህ መልሳቸው፣ ስቴንለስ ከሩቅ ያስታውቃል። ኢንች መፍቻ ግዛ፣ በሜትሪክ ከታገልክ ጥጉን ትበላዋለህ።

የማይታየውን ግን እንደፈለግክ አሻሽል፣ እኔ በዚህ ግትር አይደለሁም። አሜሪካ ሊድ (እርሳስ) ያለው ቤንዚን ለመኪና ከፈረንጅ 1996 ጀምሮ የለም፣ ሊዱ ደሞ የቫልቮላ መቀመጫ እንዳይበላ ይጠብቅ ነበር፣ ስለዚ ቴስታታው ከወረደ አይቀር ለጭስ ቫልቮላዎቹ ጠንካራ መቀመጫ አስገባ፣ ማንም አያየውም። ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ሉካስ 25ዲ4 ከሆነ ፑንቲናውን፣ እሳቱን የሚቆርጠውን፣ አውጥተህ ክዳኑ ስር የሚደበቅ ኤሌክትሮኒክ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ወንድሜ ተጠንቀቅ፣ የ66ቷ ቦዲ ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ ሁለቱ ባለ ስድስት ቮልት ባትሪዎች ከወንበሩ ጀርባ ናቸው። ምናልባት ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ገልብጦት ይሆናል፣ በዓይንህ ሳታረጋግጥ ዕቃ እንዳታዝ፣ እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ተቃራኒውን ገጥሞ ቁልፉን ባዞረ ሰከንድ ነው ያቃጠለው።

ለአሁኑ የቁጥሯን ሳህንና የዲናሞውን ብረት ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። እስከዛ ቀለም እንዳትገዛ።