ከሌላ ሰው ጽሑፍ መጥቀስ እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? ጥያቄና መልስ

የሌሎችን ጽሑፍ ስለ መጥቀስ ጦማሪዎችና የቴሌግራም ጸሐፊዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። መልሶቹ በዋናነት የተመሠረቱት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ ነው። ጠያቂው የሚኖረው ወይም ጽሑፉ የሚገኝበት ኩባንያ ያለው አሜሪካ ሲሆን ደግሞ የዚያን አገር ሕግ ጨምሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጦማሪ ስለ ቡና ግብይት የጻፈውን ጥሩ ጽሑፍ ሙሉውን ገጼ ላይ አውጥቼ ከሥሩ ስሙንና የገጹን አድራሻ አስቀምጫለሁ። ምንጭ ከጠቀስኩ በቂ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚመሠረቱ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። አዋጁ ለጸሐፊ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንደኛው በአንቀጽ 8 የተደነገገው የሞራል መብት ሲሆን፣ የሥራው አመንጪ ተብሎ መታወቅን ይጨምራል። ሁለተኛው በአንቀጽ 7 የተደነገገው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎምና ለሕዝብ የማሰራጨት ሥልጣን የሚገኘው በዚህኛው ውስጥ ነው። ስሙን ሲጽፉ ያከበሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ያለ ፈቃድ የሚያልፉበት በር በአንቀጽ 10 የተፈቀደው ጥቅስ ሲሆን፣ ለዚህም ሥራው አስቀድሞ የታተመ መሆን፣ አጠቃቀሙ ከመልካም ልማድ ጋር መስማማት፣ መጠኑ ከተጠቀሰበት ዓላማ አለማለፍ፣ ምንጩና በሥራው ላይ ያለው የጸሐፊው ስም መገለጽ አለባቸው። እነዚህ አንድ ላይ መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። እኔ ራሴ የምጠቀምበት መመዘኛ ቀላል ነው፦ ጥቅሱ ሲወጣ የራስዎ ጽሑፍ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ጠቅሰዋል፤ ምንም የማይቀር ከሆነ ግን የሰው ሥራ ደግመው አሳትመዋል።

ጥያቄ፦ ከጽሑፉ አሥር በመቶ፣ ወይም እስከ 300 ቃል ድረስ ይፈቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቁጥር በአዋጃችንም ሆነ በአሜሪካ የቅጅ መብት ሕግ ውስጥ የለም። እንዲያውም 300 ቃል ሲባል መታወስ ያለበት በ1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ነው። ዘ ኔሽን የተባለው መጽሔት ገና ካልታተመው የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጋ ቃል አወጣ። ረቂቁ ወደ 200,000 ቃል ነበረው፤ በመቶኛ ሲሰላ የተወሰደው ከቁጥር የማይገባ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን የተወሰደው የመጽሐፉ ዋና አንኳር መሆኑን፣ መጽሐፉም ለአንባቢ ያልቀረበ መሆኑን አይቶ በመጽሔቱ ላይ ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2009 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ በቀረበለት ጉዳይ 11 ቃላት እንኳ የጸሐፊውን የራስ ፈጠራ የሚያሳዩ ከሆነ ጥበቃ ሊያገኙ እንደሚችሉ አስታውቋል።

በሌላ በኩል፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ራይትሄቨን የተባለ ኩባንያ ከአንድ የላስ ቬጋስ ጋዜጣ ጽሑፍ የጠቀሱ ድረ ገጾችን በብዛት ከስሶ ነበር። ከተከሳሾቹ በአንዱ ላይ የወጣው ከሃምሳ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አምስቱ ብቻ ከነምንጩ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ይህን «ተገቢ አጠቃቀም» ብሎታል፤ ይኸውም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚፈቀድ አጠቃቀም ማለት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ዳኞች በ1976ቱ ሕግ መሠረት አራት ነገሮችን አንድ ላይ ይመዝናሉ፦ የአጠቃቀሙን ዓላማና ባሕርይ፣ የተወሰደበትን ሥራ ዓይነት፣ የተወሰደውን መጠንና ክብደት፣ እንዲሁም በሥራው ገበያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። ቃል ከመቁጠር ይልቅ «አንባቢው የእኔን ካነበበ በኋላ የእሱን ለማንበብ ምክንያት ይቀረዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ስድስት ስንኝ ብቻ ያላት ግጥምስ? ከግማሿ በታች ብጠቅስ ትርጉም አትሰጥም።

መልስ፦ ግጥሟን ስንኝ በስንኝ እየተነተኑ ከሆነ አብዛኛውን መጥቀስ በዓላማው ሊደገፍ ይችላል። ለጽሑፍዎ ማስዋቢያ ከሆነ ግን ገጣሚውን ያስፈቅዱ። አብዛኛው ገጣሚ በትሕትና ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጤና ጦማር ወደ አማርኛ ተርጉሜ ላወጣ አስቤ ነበር። ትርጉሙ የራሴ ድካም ስለሆነ የእኔ አይደለም?

መልስ፦ ትርጉም ራሱን የቻለ ጥበቃ የሚያገኝ ሥራ ነው፤ ሆኖም የመተርጎም መብት በአንቀጽ 7 ለመነሻው ጸሐፊ የተሰጠ በመሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። የሚፈቀድልዎ ሌላ መንገድ አለ። አንቀጽ 5 እንደሚደነግገው ሐሳብ፣ ግኝትና ተራ መረጃ በቅጅ መብት አይጠበቁም። ስለዚህ ጽሑፉንና ሌሎች ምንጮችን አንብበው፣ ጉዳዩን ተረድተው፣ በራስዎ አደረጃጀትና ቋንቋ መጻፍ ይችላሉ። ይህ ማለት ግን አንቀጹን ከፊት ዘርግቶ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቃል መተካት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሥራ የጸሐፊውን አወቃቀርና አገላለጽ ይዞ ስለሚሄድ ከመገልበጥ አይለይም።

ጥያቄ፦ የሰው ጽሑፍ በድምፄ እያነበብኩ በዩቲዩብ አቀርባለሁ። ገቢ የለኝም።

መልስ፦ ሙሉ ጽሑፍ ማንበብ ማባዛትም ለሕዝብ ማቅረብም ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። ትርፍ አለማግኘትዎ በሚዛኑ ላይ የሚታይ ነገር ቢሆንም ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ በጽሑፉ ላይ «መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል የለም፤ ጸሐፊውም በብዕር ስም ነው የሚጽፈው። ታዲያ ማንን አስፈቅዳለሁ?

መልስ፦ ጥበቃው የሚጀምረው ወጥ የሆነው ሥራ ተፈጥሮ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ አንሥቶ ነው፤ ማስታወቂያም ምዝገባም ቅድመ ሁኔታ አይደሉም። በገጹ መልእክት መቀበያ ይጠይቁ። ሲጠቅሱም የብዕር ስሙን እንዳለ ያስቀምጡ። እውነተኛ ስሙን ቢያውቁ እንኳ አይግለጹ፤ ማንነቱን ሳይገልጽ ወይም በብዕር ስም የመታወቅ መብት በአንቀጽ 8 ከተጠበቁት አንዱ ነው፤ ስሙን ማውጣት በጸሐፊው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ችግርም ማንም ከውጭ ሆኖ ሊገምተው አይችልም። «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» የሚለውን ልማድ ደግሞ እንድንተው አጥብቄ እለምናለሁ፤ የማንንም ድካም አያሳውቅም፣ አንባቢንም ወደ የትም አያደርስም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ጽሑፌን አንድ ሰው ስሜን አጥፍቶ በገጹ ላይ አወጣው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማስረጃውን ያስቀምጡ፤ የገጹን ምስል ከነቀኑ፣ ከነአድራሻው ይያዙ፣ የራስዎንም ረቂቅ አይሰርዙ። ቀጥሎ ለሰውዬው በጨዋነት ይጻፉለት። እምቢ ካለና ገጹ የሚገኘው በአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ለኩባንያው የማስነሻ ማስታወቂያ፣ ማለትም ጽሑፉ ከገጹ እንዲነሣ የሚጠይቅ ደብዳቤ፣ መላክ ይችላሉ። ተከራካሪው መቃወሚያ ካቀረበና እርስዎ ክስ ካልመሠረቱ፣ ጽሑፉ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ጽሑፉ መጀመሪያ የታተመው አሜሪካ ከሆነ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል። ሰውዬው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሊታይ ይችላል፤ አዋጁ ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ካሣ 100,000 ብር ነው። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሣ ያግዛል።

ጥያቄ፦ የአንድ ጦማሪን ሐሳብ ለመንቀፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጠቀስኩ። አሁን «አልፈቀድኩም፣ አጥፋው» እያለኝ ነው።

መልስ፦ ለትችት የሚደረግ ጥቅስ የአንቀጽ 10ን ሁኔታዎች ካሟላ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ነቃፊ የተነቃፊውን ፈቃድ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ትችት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። የማስነሻ ማስታወቂያ ቢልክብዎም በአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው፣ ላኪው አስቀድሞ አጠቃቀሙ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ማጤን ግዴታው ነው፤ እርስዎም መቃወሚያ ማቅረብ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን የጠቀሱትን ከምንጩ ጋር ያመሳክሩ። ጸሐፊው «ነገር ግን» ብሎ ሐሳቡን ያለዘበበት ዓረፍተ ነገር ቀርቶ ከሆነ ይመልሱት፣ የቆረጡበትንም ቦታ በነጥቦች ያሳዩ። ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመቃወም መብት አለውና፣ በዚህ ነጥብ ላይ ቅሬታው ተገቢ ከሆነ አርመው፣ የታረመበትን ቀን ከጽሑፉ ሥር ያስፍሩ። ጥቅሱ ትክክል ከሆነ ግን የማጥፋት ግዴታ የለብዎትም፤ መልሱን እንዲጽፍ ይጋብዙትና ከጽሑፍዎ ጋር ያያይዙለት።