ኅዳር ሚካኤልን ነጠቁኝ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ፣ አምድሽን ሁሌም አነባለሁ፣ ዛሬ ግን ትዕግስቴ አልቆ ነው የጻፍኩት። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ በየወሩ በ12 የምንጠጣው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፣ ስድስት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ዘንድሮ ኅዳር 12 ተረኛው እኔ ነበርኩ፣ የኅዳሩ ደግሞ ዓመታዊው ነው ታውቂያለሽ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ ጌሾው ተወቅጦ ሚስቴ ልትጠነስስ ስትል ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ደወለና "ተራህን ለሌላ ሰጥተነዋል፣ ለጊዜው ታገስ" አለኝ። በስልክ! ቤት እንኳን አልመጣም።

ጥፋት የለኝም አልልም። አምና ቤቲንግ ይዞኝ ቅዳሜ ከበላሁ እሁድ እመልሳለሁ እያልኩ ከማኅበሩ ሳጥን 14,000 ብር አጉድያለሁ። ሰኔ ላይ ሲቆጠር ሳጥኑ ቤቷ የሚቀመጠውን ሴትዮ ጠረጠሩና ትንሽ ግርግር ነበር፣ እሷም በዛው ቀረች። በፍልሰታ ግን አላስቻለኝም፣ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፣ ቀኖና ሰጡኝ፣ መስከረም ላይ ለሙሴው ራሴ ነግሬ ብሩን ሳላጎድል በቴሌብር አስገባሁ፣ ሜሴጁም አለ። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አሁንም ስገባ ወሬ ይቆማል፣ ዳቦው ሲቆረስ ለኔ የሚደርሰው መጨረሻ ነው፣ ባለፈው ደግሞ አንዱ ሳጥኑን ከአጠገቤ አንስቶ ወደ ማዶ አሻገረው፣ ሁሉም አየ። እነሱስ ጻድቃን ናቸው? አንዱ አራጣ እንደሚያበድር ማን የማያውቅ አለ።

ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ ጸሎት ለኔ ልማድ ነበር፣ አሁን ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ መዝሙር 50ን ስደግም እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ባልሰርቅ ኖሮ ይሄን አላገኘውም ነበር እላለሁ፣ ከዛ ደግሞ መልሼ እፈራለሁ። በስርቆት የመጣ ጸሎት ይቆጠራል ወይ? "አንተን ብቻ በደልሁ" የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ምላሴ ይያዛል።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ

*

ወንድሜ፣ ዳቦውን ተወው። በስልክ መናገሩም ነውር ነው፣ አዎ፣ እሱንም ተወው። እኔን ያስቆመችኝ ሳጥኑ ቤቷ የነበረው ሴት ናት። ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ የቴሌብሩን ሜሴጅ ሳይቀር ዘርዝረህ ስታበቃ እሷን "በዛው ቀረች" ብለህ አለፍካት። የት ነው የቀረችው? ሌባ ተብላ ክረምቱን ሙሉ፣ ያውም የደብረ ብርሃንን ክረምት፣ ያንን ጭጋግና ብርድ ሰው ሳይጠይቃት ስትከርም አንተ በየ12ቱ ጽዋህን ትጠጣ ነበር። ግርግር አትበለው እባክህ። ብሩማ ተመልሷል።

መዝሙር 50ን ካነሳህ አይቀር፣ ዳዊት ያንን የጸለየው ነቢዩ ናታን መጥቶ ከገሰጸው በኋላ ነው፣ የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን በጦር ሜዳ ካስገደለው በኋላ። ዳዊት እንግዲህ ቢፈልግስ የማንን በር አንኳኩቶ ይቅር በለኝ ይላል? ሰውየው ተቀብሯል። "አንተን ብቻ በደልሁ" የሚለው ጋ ስደርስ ሁሌም የሚሰማኝ ይሄ ነው፣ የቀረው እግዚአብሔር ብቻ ስለነበር። ያንተዋ ግን በሕይወት አለች፣ ባጃጅ ይዘህ ትደርሳለህ። ምላስህ የሚያዘው ለዛ ነው፣ ካፈሰስከው እንባ ሁሉ እሱን አምነዋለሁ።

ይቆጠራል ወይ ላልከው፣ ይቆጠራል፣ ምን ነካህ፣ አምላክ እንባን ከየት መጣህ ብሎ አይመልስም። ግን የሰጠህ ስርቆቱ አይደለም፣ ስርቆቱማ የሰጠህ የተበላ ትኬት ነው። በፍልሰታ አላስችል ያለህ እሱ ነው የሰጠህ። ጳውሎስም ሮሜ 6 ላይ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር ወይ ብሎ ጠይቆ ራሱ "አይደለም" ብሎ ዘግቶታል። ዘኬዎስን ግን እየው፣ ጌታ ቤቱ ሲገባ ቆሞ ያለው "ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ" ነው። አንተ በአፍህ አልከሰስካትም፣ ዝም ብለህ ነው የከሰስካት። ለሳጥኑ አንድ እጥፍ ከፍለሃል፣ ለእሷ ገና ምንም።

ስትሄድ ብር ይዘህ እንዳትሄድ፣ ስኳርና ቡናውም ይቅር፣ ሚስትህንም እንዳትልክ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት እያየ ሂድ፣ ስሟ የጠፋው በሰው ፊት ነዋ። "የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ስትጠረጠሪ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ" በላት፣ ስለ ቤቲንግ ምናምን ለማስረዳት አትድከም። በሩን ብትዘጋብህ መብቷ ነው፣ በሌላ እሁድ ትመለሳለህ። ለሙሴው ደግሞ ስለ ተራህ ሳይሆን ስለ እሷ ደውልለት፣ እውነቱን ከመስከረም ጀምሮ እያወቁ አንድ ሰው እንኳን "ነይ ተመለሺ" ካላላት እነሱም ለእሷ ባለዕዳ ናቸው፣ እሱን አንተ ቀድመህ ንገራቸው። ከእሷ በፊት ጽዋው ቢሰጥህ እንዳትቀበል። የተወቀጠው ጌሾ እንደሆነ አይበላሽም፣ ይቀመጥ።