ለዋሽንግተን ጉብኝት፦ የድንጋዩን ውበት ብቻ ሳይሆን የውኃውን መንገድ ይመልከቱ

«በዋሽንግተን አራት ቀን እቆያለሁ፤ ለግቢ ዲዛይን ሐሳብ የሚሰጡኝ የትኞቹ መናፈሻዎችና መታሰቢያዎች ናቸው?» ብለው ለጠየቁን ባልደረባ። እኔም ለዚሁ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ሄጄ ነበርና፣ የቦታዎቹን ስም ማንም ስለሚዘረዝርልዎ እኔን ያስከፈለኝን ልንገርዎ።

1. ደምበርተን ኦክስ የተባለውን ታሪካዊ ቤትና የአትክልት ስፍራ ለሰኞ አያስቀምጡት፤ ሰኞ ዝግ ነው፣ በሌሎቹም ቀናት የአትክልት ስፍራው የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የመጨረሻ ቀኔ ሰኞ ስለ ነበር ከበሩ ተመለስሁ። ቢያትሪክስ ፋራንድ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የነደፈችውን ይህን ተዳፋት፣ ከቤቱ አጠገብ በግንብና በደረጃ የታነጸው እርከን ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየላላ ከዱሩ ጋር ሲዋሐድ ያየሁት በሁለተኛው ጉዞዬ ነው። እንጦጦ ሥር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

2. በቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት መሬቱን በእርምጃዎ ይለኩ። ማያ ሊን ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለች የነደፈችው ይህ መታሰቢያ፣ እያንዳንዳቸው 75 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት የጥቁር ግራናይት ግድግዳዎች አሉት፤ ከጫፋቸው ቁርጭምጭሚት የማያልፉት ግድግዳዎች መካከል ላይ ሲገናኙ ከ3 ሜትር በላይ ስለሚሆኑ፣ ከ58,000 በላይ ስሞችን እያነበበ የሚሄደው ሰው ሳያስተውለው ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የድንጋዩ ነበሩ፤ ያን ሁሉ ዝናብ ከዚያ ዝቅታ የሚያወጣው ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ተመልሼ ቦሌ አካባቢ ለአንድ ድርጅት ግቢ ወደ መሬት ዝቅ ያለ የመታሰቢያ ግድግዳ ሠራሁ። አፈሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ጠጠር አልሞላሁም፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳም አልተውሁም። ነሐሴ ላይ ውኃው ከግድግዳው ሥር ተኝቶ፣ ያበጠው አፈር ደግሞ ከኋላ ሲገፋው ግድግዳው ዘመመ። ስሕተቱን አምኜ በራሴ ወጪ ላስተካክል ብዬ ደብዳቤ ይዤ ስሄድ፣ የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን በኮሪደር አስቀምጦኝ ደብዳቤውን እንኳ ሳያነብ ቀሪ ክፍያዬን ያዘብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ ግድግዳውን አፍርሼ፣ ከጀርባው ጠጠርና የተበሳ ቱቦ አስገብቼ፣ መንገዱንም ወደ ፍሳሹ እንዲያዘነብል አድርጌ እንደ ገና ሠራሁት፤ ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት አልፎበታል፣ አንድም ስንጥቅ አላየሁበትም። በሙያዬ ከሁሉ የምኮራበት ሥራ እርሱ ነው።

ሎውረንስ ሃልፕሪን በነደፈው የፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መታሰቢያም፣ ከአንዱ ጣሪያ አልባ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፉ የፏፏቴው ድምፅ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያድምጡ፤ ውኃው የሚሰበሰብበትንም ቦታ ይፈልጉ። ከአራቱ ቀናት አንዱ ዝናባማ ቢሆን ሙዚየም ገብተው አይጠለሉ፤ ጃንጥላዎን ይዘው ወደ ጥቁሩ ግድግዳ ይመለሱና ውኃው በየት በኩል እንደሚሄድ ቆመው ይመልከቱ።