ኪም ሮድ ስድስቱንም ሜዳሊያ ያገኘችው በስኪት አይደለም

ሰላም ወንድሜ፣ ኪም ሮድ የስድስት ኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቿን በሙሉ ያገኘችው በስኪት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም፤ ግማሹ በደብል ትራፕ ነው፤ ሁለቱም የሚበሩ የሸክላ ዒላማዎችን በጠመንጃ የመምታት ውድድሮች ናቸው። አሜሪካዊቷ ተኳሽ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ በ17 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች፤ በ2000 ሲድኒ ነሐስ፣ በ2004 አቴንስ እንደገና ወርቅ። ከዚያ የሴቶች ደብል ትራፕ ከኦሎምፒክ ተሰረዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠመንጃውን ሰቅሎ ይቀመጥ ነበር፤ እሷ ወደ ስኪት ዞረች።

ለእኔ ትልቁ ጀብዷ ይኸው ነው። በደብል ትራፕ ሁለት የሸክላ ዒላማዎች ባንዴ ተወንጭፈው ከተኳሹ ይርቃሉ፤ ጠመንጃውን አስቀድሞ ትከሻ ላይ ደግኖ መጠበቅም ይፈቀዳል። በስኪት ግን ዒላማዎቹ ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች ወጥተው መሃል ላይ ይሻገራሉ። ተኳሹ ከጠራ በኋላ ዒላማው እስከ 3 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ እስኪታይ ድረስ ጠመንጃው ከወገብ አካባቢ አይነሳም። እጅ የለመደውን ሁሉ እንደ አዲስ መማር ማለት ነው!

እንዲያም ሆኖ በ2008 ቤጂንግ ብር አገኘች። በዚያው ዓመት ለረጅም ጊዜ የተኮሰችበት ጠመንጃ ተሰረቀባት፤ በኋላ ተገኝቷል። በ2012 ለንደን ከ100 ዒላማ 99 መትታ ወርቅ ወሰደች፤ በ2016 ሪዮ ደግሞ ነሐስ።