የስትራትኮና መራጮች፦ ከጎንደር ለደረሰን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ ታናሽ እህቴ በካናዳ፣ የአልበርታ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ኤድመንተን ትኖራለች። ዜግነት ካገኘች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው በ2025 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የማሟያ ምርጫ ሲሆን፣ የምርጫ ክልሏ ኤድመንተን ስትራትኮና ይባላል። እሷ እንደነገረችኝ ይህ የምርጫ ክልል ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከአንድ ፓርቲ እጅ አልወጣም፤ አሁን የተመረጡት ሰው ደግሞ የሌላ ከተማ ከንቲባ የነበሩ ናቸው። ነገሩ ግራ አጋብቶኛል። ድሮም እንዲህ ነበር? ካልነበረስ ምን ለወጠው? የሌላ ከተማ ሰውስ እንዴት ሊመረጥ ቻለ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ይህ ሰፈር ከ1905 ጀምሮ የተለያዩ ፓርቲዎችን ሰዎች ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ልኳል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ተለይተው ካልተገለጹ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እህትዎ የነገረችዎት እውነት ነው፤ ሆኖም የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ የሚመለከት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ስንመለከት፣ የመራጩ ልብ ብቻ ሳይሆን የክልሉ ወሰን አከላለልና የድምፅ አቆጣጠሩ ደንብ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚወስኑ በግልጽ ይታያል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ መልካም ነው።

ከካልጋሪ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1891 የሰሜን ሳስካችዋን ወንዝን ሳይሻገር በደቡብ ዳርቻ ቆመ፤ ስትራትኮናም ከኤድመንተን ትይዩ በዚያ ዳርቻ ራሷን የቻለች ከተማ ሆና አደገች። አልበርታ በ1905 ግዛት ስትሆን የመጀመሪያው የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሊበራል ፓርቲው ጠበቃ አሌክሳንደር ራዘርፎርድ የስትራትኮና ተወካይ ነበሩ። ዛሬም የሰፈሩን መልክ የሚወስነውን የአልበርታ ዩኒቨርሲቲን በዚሁ በደቡቡ ዳርቻ እንዲቋቋም ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ የካልጋሪ ሰዎችም በዚህ ክፉኛ ቅር ተሰኝተው ነበር። ራዘርፎርድ በአንድ የባቡር ኩባንያ ውል ሰበብ በተነሳ ውዝግብ በ1910 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1912 ስትራትኮና ከኤድመንተን ጋር ተዋሐደች፤ በ1913 ደግሞ ራዘርፎርድ በወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ተሸንፈው መቀመጫቸውን አጡ።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1921 መላው ኤድመንተን፣ ስትራትኮናን ጨምሮ፣ አምስት ተወካዮች ያሉት አንድ የምርጫ ክልል ሆነ። እያንዳንዱ መራጭ እስከ አምስት ዕጩ መምረጥ ይችል ነበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት አምስቱም ያልፋሉ። እንዲህ ባለው አሠራር ከመራጩ 40 በመቶው ተባብሮ ድምፁን ለአንድ ፓርቲ አምስት ዕጩዎች ቢሰጥና የቀረው 60 በመቶ በሦስት ወገን ቢከፋፈል፣ አምስቱም ወንበር ለ40 በመቶው ይሆናል። በዚያ ዓመት ግዛቱን የተረከበው የተባበሩት የአልበርታ ገበሬዎች ድርጅት ሲሆን፣ በኤድመንተን ግን አምስቱንም ወንበር የወሰደው የሊበራል ፓርቲ ነበር። ካለፉት አንዷ ለሴቶች የመምረጥ መብት በመታገል የታወቀችው ኔሊ ማክላንግ ናት።

በቀጣዩ የ1926 ምርጫ ከተማዋ ያው፣ ወንበሩም ያው አምስት ነበር፤ የተለወጠው የአቆጣጠሩ ደንብ ነው። መራጩ አብልጦ ከሚፈልገው ዕጩ ስም አጠገብ 1፣ ቀጥሎ ከሚፈልገው አጠገብ 2፣ ከዚያም 3 እያለ ይጽፋል። ለምሳሌ 18,000 ዋጋ ያለው ድምፅ ቢሰጥ፣ ይህ ለ6 ተካፍሎ 1 ይጨመርበትና ማለፊያው 3,001 ይሆናል። ማለፊያውን ያገኘ ዕጩ ይመረጣል፤ የተረፈው ድምፁም በየወረቀቱ ላይ 2 ተብሎ ወደተጻፈለት ዕጩ ይሻገራል። ማለፊያውን የሚያገኝ ሲጠፋ ደግሞ በድምፅ የመጨረሻ የሆነው ዕጩ ከውድድሩ ይወጣና ወረቀቶቹ በሁለተኛው ምርጫቸው መሠረት ለቀሩት ይከፋፈላሉ፤ አምስት ተመራጮች እስኪገኙም ቆጠራው በዚሁ ይቀጥላል። ውጤቱ ሁለት ወንበር ለወግ አጥባቂዎች፣ ለሊበራሎች፣ ለገበሬዎቹ ድርጅትና ለሠራተኞች ፓርቲ ደግሞ አንድ አንድ ሆነ። ሕዝቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ፓርቲ ደጋፊነት ወደ አራት ተከፋፈለ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ልዩነቱ ቀድሞም በከተማዋ ነበረ፤ የ1921 አቆጣጠር ሸፍኖት ቆየ እንጂ።

ይህ ደንብ በኤድመንተን እስከ 1955 ምርጫ ድረስ ሠርቷል። በዚያ ምርጫ ሥልጣን ላይ የነበረው የሶሻል ክሬዲት ፓርቲ ከ61 ወንበሮች 37 ብቻ ሲያገኝ፣ ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ደንቡን ሽሮ ከተሞቹን በየአንድ ወንበር ከፋፈላቸው፤ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያልፋል ተባለ። በ1959 ያው ፓርቲ ከ65 ወንበሮች 61 ወሰደ። መራጩ ወደ ፓርቲው ማዘንበሉ ባይካድም፣ ለዚህ ዝላይ አዲሱ ደንብ የነበረው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም፤ ሥልጣን የያዘ ወገን የሚዳኝበትን ደንብ ብቻውን ሲለውጥ አንባቢ ሁሉ በጥርጣሬ ቢመለከተው አይፈረድበትም። ስትራትኮናም ያኔ በሦስት ተከፈለች፤ የምሥራቁን ክፍል ወክለው እስከ 1968 የቆዩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኧርነስት ማኒንግ ራሳቸው ነበሩ። እሳቸው ሲለቁ በ1969 በተደረገው የማሟያ ምርጫ መቀመጫውን የወሰደው ተቃዋሚው የተራማጅ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነው።

ኤድመንተን ስትራትኮና በሚል ስም የምናውቀው ክልል በ1971 ምርጫ ላይ ታየ፤ ጁሊያን ኮዚያክ በተራማጅ ወግ አጥባቂነት እስከ 1986 ወከሉት። በ1986 የአዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲው ጎርደን ራይት አሸነፏቸው፤ ራይት በ1990 በሞት ሲለዩ በማሟያው ምርጫ ባሪ ቺቨርስ ተተኩ። በ1993 ግን ወንበሩ ወደ ሊበራሎች ሄደ። በዚያ ዓመት አዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ በመላ ግዛቱ 11 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አንድም ወንበር አላገኘም። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ያጸናውም ይኸው በአንድ የምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ብቻ የሚያልፍበት ሥርዓት በመሆኑ፣ የ11 በመቶው ነገር ለጎንደር መራጭም እንግዳ ሊሆን አይገባም።

እህትዎ የምትለው ዘመን የሚጀምረው በ1997 ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት፣ በፑንጃብ የተወለዱት ራጅ ፓኑ ወንበሩን ለአዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ መለሱት፤ ፓርቲያቸው በግዛቱ በሙሉ ያገኘው ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበር ስትራትኮና መጠጊያው ሆነች። በ2008 ሬቸል ኖትሊ ተተኩ፤ በ2015 ፓርቲያቸው ከ87 ወንበሮች 54 አግኝቶ የተራማጅ ወግ አጥባቂዎችን የ44 ዓመት አገዛዝ ሲያበቃ፣ እሳቸው በክልላቸው ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ለዚህ ጽናት በቂ ምክንያት አለ ብለን እናምናለን፦ የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች በአካባቢው በብዛት ይኖራሉ፤ ፓርቲውም ሁለት ወንበር በነበረው ጊዜ እንኳ ይህን ሰፈር ችላ ሳይል ቤት ለቤት ሲሠራበት ኖሯል። ሆኖም በ2019ና በ2023 ስትራትኮና በሰፊ ልዩነት ያንኑ ፓርቲ ስትመርጥ ግዛቱን ያሸነፈው የተባበረ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነው። በአንድ ክልል የተከማቸ ትርፍ ድምፅ በዚህ ደንብ ወደ ሌላ ስለማይሻገር፣ በ1926 ቢሆን ኖሮ ሌላ ዕጩ ያሳልፍ የነበረው ድምፅ ዛሬ እዚያው ይቀራል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ኖትሊ በ2024 ማብቂያ ላይ ወንበራቸውን ስለለቀቁ በሰኔ 2025 የማሟያ ምርጫ ተደረገ፤ ያሸነፉትም ከ2010 እስከ 2021 የካልጋሪ ከንቲባ የነበሩትና በ2024 የፓርቲው መሪ ሆነው የተመረጡት ናሂድ ነንሺ ናቸው። የአልበርታ ሕግ ዕጩው የግዛቱ ነዋሪ መሆኑን እንጂ በዚያው የምርጫ ክልል መኖሩን አይጠይቅም። በእኛ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕጩው በምርጫ ክልሉ ነዋሪና ባለ ንብረት እንዲሆን ያስገድድ ነበር፤ የሰፈሩን ችግር በዓይኑ ያየ ሰው ይወክለው በሚል ስንመለከተው ነዋሪነቱ መልካም ነበር፣ የንብረቱ ግዴታ ግን ድኻውን ከዕጩነት አግዷል።

እህትዎ ልታውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአልበርታ ምክር ቤት ወንበሮች ከ87 ወደ 89 ከፍ እንዲሉ በ2024 በሕግ ተወስኖ፣ ወሰኖቹን እንደገና የሚያጠና ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ቀጣዩ አጠቃላይ ምርጫ በሕግ የተቆረጠለት ቀንም ጥቅምት 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ነው። የመኖሪያ አድራሻዋ በየትኛው ክልል እንደሚወድቅ ከዚያ ቀን በፊት የግዛቱን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ጠይቃ እንድታረጋግጥ ይንገሯት።